ከሰላምታው በታች ያለው መስመር

ጥቅምት 8 ቀን

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽን ሐኪሙ አየልሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ እንደነበረው ነው። ልጅሽ በቀደም ሲደውል ስልኩን አንስቼ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል ቆየሁና ዘጋሁት። የተሰማኝ ነገር ቢኖር ጎማ ሲተነፍስ የሚያሰማው ዓይነት ሹክሹክታ ነው። ስለዚህ በደብዳቤ እንነጋገር። የአውቶቡሱ ሹፌር በየሳምንቱ ስለሚመላለስ እሱ ያደርስልናል። ለውለታው እንቁላል እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ፤ እንቁላሉ የአንቺ መሆኑን ግን አልነገርኩትም።

«ዶሮዎቼ ደህና ናቸው?» ብለሽ በእሱ ላክሽብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደህና ይሁኑ አይሁኑ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ሠላሳ አራት ዓመት ጎማ ስጠግን ኖሬያለሁ፤ ጎማ ሲታመም ከሩቅ አውቃለሁ። ዶሮ ግን ስትጠግብም ስትታመምም ፊቷ አንድ ነው።

ከሄድሽ ጀምሮ የማድረው አንቺ ቤት ነው። ሰባቱም ዶሮዎች፣ አውራውም አሉ። ሲመሻሽ ቆጥ ላይ ሲሰፍሩ እቆጥራቸዋለሁ፤ ቦታ ስለሚቀያየሩብኝ አንዳንድ ቀን ዘጠኝ ይሆናሉ። ዘጠነኛዋን የት እንዳገኘኋት እኔም አላውቅም።

አሁን ግራ ያጋባኝን ልጠይቅሽ። ገብስማዋ እንቁላል የምትጥልበት ሳጥን ውስጥ ከገባች አራት ቀኗ ነው፤ አትወጣም። እጄን ስሰድ ነከሰችኝ። አንገተ መላጣዋ ደግሞ አንገቷ ላይ አንድ ላባ የላትም፤ በካርቶን አድርጌ ወደ እንስሳት ሐኪም ልወስዳት ስወጣ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አየችኝና «አባባ፣ እሷ ስትፈለፈልም እንዲሁ ነበረች» ብላ ሳቀችብኝ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ሦስተኛው፣ እንቁላሎቹ ቅርፊታቸው እንደ እርጥብ ወረቀት ሆኗል፤ ስይዛቸው ይሰረጉዳሉ።

ምን ላድርግ? ለአንድ ወር ብለሽ ነው የተውሽብኝ፤ ወሩን ሳላጠፋቸው ባሻግርልሽ ደስ ይለኛል።

ታናሽ ወንድምሽ


ጥቅምት 17 ቀን

ጩጬ፣

ደህና ነህ ወይ? ይህን የሚጽፍልህ ልጄ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ ከዚያ መልሶ ያነብልኛል። ዓይኔ ላይ ነጭ መጋረጃ ወርዷል፤ የሰው ፊት ያለበትን እንጂ ማንነቱን አላይም። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል፣ ተራሽ እስኪደርስ ወር ከምናምን ጠብቂ ብሎኛል። ስለዚህ ወሩ ረዘመብህ፣ ይቅር በለኝ።

ገብስማዋ አልታመመችም፤ መታቀፍ አምሯት ነው። ከሥሯ እንቁላል አትተው። በቀን ሁለት ሦስቴ በሁለት እጅህ ክንፎቿን ሰብስበህ አንሳትና ውሃና ጥሬ አጠገብ አስቀምጣት። በሳምንት በዐሥር ቀን ይወጣላታል። ስትነክስህ እጅህን አትሰብስብ፤ አንዴ ከሰበሰብክ ማንነትህን አወቀችው።

ቅርፊቱ የሳሳው ምግባቸው ስላነሳቸው ነው። የበላኸውን እንቁላል ቅርፊት አትጣል፤ አድርቀህ፣ ምጣድ ላይ ሞቅ አድርገህ፣ እንደ ደቃቅ አሸዋ እስኪሆን ውቀጠው። ቅርፊትነቱ ከታወቃቸው የገዛ እንቁላላቸውን መብላት ይለምዳሉና አድቅቀው። ይህን ከአሁኑ ካላስለመድካቸው ለከርሞ የሚረባ እንቁላል አናገኝም።

ውሃቸውን በየጠዋቱ ቀይር። ዕቃውን ጡብ ላይ አስቀምጠው፤ መሬት ከሆነ እየጫሩ አፈር ይሞሉታል። የሚተኙበትን ሰጋቱራ ጨብጠህ እይው፤ እጅህን ካረጠበው አውጥተህ ጣል። ከበሽታ የሚጠብቃቸው ደረቅ ቦታ ነው፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ስትቆጥራቸው ደግሞ ከአውራው ጀምር፤ እሱ ቦታ አይለቅም።

ደህና ሁንልኝ።

እህትህ

ውድ ወንድሜ፣ ዶሮዎቹ ሥራ ከሆኑብህ ሽጣቸው። እኔ እዚህ ተመችቶኛል፤ የምመለስበትም ጊዜ የታወቀ አይደለም።


ጥቅምት 29 ቀን

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ገብስማዋ በስምንተኛው ቀን ተነሳችልኝ፤ እጄ ግን ወንፊት ሆኗል። ቅርፊቱንም እየወቀጥኩ ነው፤ ጎረቤት ቅመም የምወቅጥ ይመስለዋል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ከላይ «ለከርሞ» ብለሽ ትመክሪኛለሽ፤ ከሰላምታሽ በታች ደግሞ «ሽጣቸው» ትያለሽ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለከርሞ የሚያስብ ሰው እንዴት ዛሬ ይሸጣል? ተመችቶኛል ማለትሽስ ምን ማለት ነው? አንቺ የሰው ቤት ከሦስት ቀን በላይ የሚመችሽ ሰው አልነበርሽም። የልጅ ቤት የሰው ቤት አይደለም ካልሽኝ እሺ።

ለማንኛውም ቃልሽን ላከብር ብዬ ሁለቱን ጥቁሮች ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሸጥኩላት። አምስቱን መሸጥ አልቻልኩም። ቆዩ ልበላቸው ብዬ ነው።

ሌላም አለ። ሐሙስ ዕለት አንድ ሰው ሜትር ይዞ መጣ። «ከልጃቸው ተልኬ ነው» አለኝ፤ እኔ ስላልሰማሁት ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ለካ፤ ክፍሎቹን ቆጠረ፤ የዶሮ ቤቱን እያሳየኝ በእጁ የመፍረስ ምልክት አደረገልኝ። አውራው ጫማውን ሊነክሰው ሲከተለው እኔ አልከለከልኩትም።

እትዬ፣ ቤቱን ልትሸጪ ነው? ለምን በአፍሽ አልነገርሽኝም? ከሸጥሽ መብትሽ ነው፤ በላብሽ የሠራሽው ነው። ብቻ ቁርጡን ንገሪኝ። ጣሪያው በምዕራብ በኩል ሁለት ቆርቆሮ ተነቅሏል፤ ላስመታው ወይስ ልተወው? እሱን እንኳን አላውቅም።

ሌላው፣ ዶሮዎቹ ሌት ሌት ይንቀጠቀጣሉ፣ ቀን ሲያክኩ ይውላሉ። ቆጡን ስነካው እጄ ላይ ቀያይ ነገር ወጣ።

ወንድምሽ


ኅዳር 9 ቀን

ጩጬ፣

ደብዳቤህ ሲነበብልኝ ሰማሁ። ስለ ገብስማዋ ጽፈሃል፣ ስለ ቅማሉ ጽፈሃል፤ ስለ ቤቴ ግን አንድ ቃል የለህም። ጣሪያው ያፈሳል ወይ? አጥሩስ? ሰው ቤት ተኝቶበት እንዴት ስለ ቤቱ አይጽፍም? ሥራ በዝቶብህ ከሆነ እረዳለሁ። እኔ ግን ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ እሱ ግቢ ነው፤ ስከፍተው ደግሞ ምንም አይታየኝ።

ቀያዮቹ ቅማሎች ዶሮዋ ላይ አይኖሩም። ቀን የቆጡ እንጨት ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃሉ፣ ሲጨልም ወጥተው ደሟን ይመጥጣሉ። ዶሮዋን ብቻ ብታክም ለፍተህ ቀረህ። ቆጡን ነቅለህ አውጣና የፈላ ውሃ አርከፍክፍበት፤ ሲደርቅ ስንጥቁን ሁሉ በነጭ ጋዝ ቀባው። በሳምንቱ ድገመው፤ እንቁላላቸው ይፈለፈላልና አንድ ጊዜ አይበቃም። ሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረኝ ነገር ይህ ነው፤ ተባይ የሚሸነፈው በድጋሚው ነው። ለዶሮዎቹ ደግሞ ጥላ ያለበት ቦታ ጉድጓድ ቢጤ ቆፍርና አመድና ደረቅ አፈር ቀላቅለህ ሙላበት። ራሳቸው ገብተው ይታጠቡበታል።

ሁለቱ ጥቁሮች እንቁላል ጀመሩ ወይ? ቄቦች ናቸው፣ በዚህ ወር ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ትንሽ ቢሆንብህ አትደንግጥ።

እህትህ

ውድ ወንድሜ፣ ስለ ቤቱ የጠየቅኸውን ልጄ እየጨረሰው ነው። ሰውዬው ተመልሶ ሲመጣ በር ክፈትለት።


ኅዳር 20 ቀን

ለእትዬ፣

ሁላችንም ደህና ነን። ሰባቱም፣ አውራውም ደህና ናቸው። ጥቁሮቹ እንቁላል ጀምረዋል። ጣሪያው አላፈሰሰም። አንቺ ዓይንሽን ብቻ አስቢ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ወንድምሽ

(በዚያው ፖስታ ውስጥ፣ በትንሽ ወረቀት)

ለእህቴ ልጅ፣

ይህቺን ለእናትህ አታንብብላት።

ከላይ ያለው ውሸት ነው። ሰፈሩ ውስጥ ፈንግል ገብቷል። ቅዳሜ ገብስማዋ አንገቷን አጣማ መሬት ለመሬት ትዞር ጀመር፤ እሑድ ሞተች። ሰኞ ነጯና አንዷ ቀይ ተከተሉ። ሐኪሙ መጥቶ ለያዘው መድኃኒት የለውም፣ ክትባቱ ቀድሞ ነበር አለኝ። ቀድሞ መሆኑን ማን ነገረኝ? የቀሩኝ አንገተ መላጣዋ፣ አንዷ ቀይና አውራው ናቸው፤ ለእነሱ ክትባቱን ሰጥቷቸዋል። ይሥራላቸው አይሥራላቸው አይታወቅም። የሞቱትን በጥልቅ ጉድጓድ ኖራ ነስንሼ ቀበርኳቸው።

ገብስማዋን እንዴት እንደምትወዳት ታውቃለህ። ቀዶ ሕክምናው እስኪያልፍ አትስማ። ማልቀስ ለዓይኗ ጥሩ አይደለም።

አሁን አንተን ልጠይቅህ። ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን ዘርግቼ አየኋቸው። እናትህ እኔን በሕይወቷ «ውድ ወንድሜ» ብላኝ አታውቅም፤ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ዛሬም ጩጬ ነኝ። «ውድ ወንድሜ» የሚመጣው ሁልጊዜ ስንብቷን ከጨረሰች በኋላ ነው። ከላይ «ስለ ቤቱ ለምን አትጽፍም» ትላለች፣ ከታች «ስለ ቤቱ የጠየቅኸው» ትላለች። መጀመሪያ አእምሮዋ ተነክቷል ብዬ ሦስት ቀን እህል አልበላሁም። የታችኛውን የምትጽፈው አንተ ነህ? ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል፤ እኔ ካራ ማውጣት አልፈልግም። ሰውዬው ሲመጣ ግን በር አልከፍትም፤ ቢያንኳኳም አልሰማውም።

አጎትህ


ታኅሣሥ 21 ቀን

ጩጬ፣

ፊደሉ ጠማማ ቢሆንብህ አትሳቅ፤ የራሴ እጅ ነው። ቀዶ ሕክምናው አለፈ። ግራው ገና ነው፣ በቀኙ አያለሁ። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የልጄን ፊት ነው። ጺሙ ሸብቷል። ማንም አልነገረኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ «የወንድሜን ደብዳቤዎች አምጣልኝ፣ ዓይኔን ላለማምድባቸው» እለው ጀመር። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ረሳኋቸው ይለኛል፣ አንድ ቀን ዓይንሽ አይድከም ይለኛል። ማክሰኞ ጠዋት ግን እሱ ሊያስተምር ከሄደ በኋላ ብነሳ፣ ከሚያርማቸው የሒሳብ ደብተሮች አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በቀናቸው ተደርድረው አገኘኋቸው። መነጽሬንም በላያቸው አስቀምጦልኛል።

መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አነበብኩ። ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ብርሃኑ ደህና ነው። አንዱ ገጽ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ዶሮዎቼን ሽጥ ብዬሃለሁ አሉ። ሰው በሜትር ቤቴን ለክቷል አሉ። እኔ ስለ ጣሪያው ለምን አትጽፍም ብዬ ስቆጣህ አንተ ስንት ቆርቆሮ እንደተነቀለ ጽፈህልኝ ኖሯል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ሲባል እሰማ ነበር፤ አሁን ዶሮዋ ራሴ ሆኜ አየሁት።

ከዚያ ትንሿ ወረቀት እጄ ገባች። «ለእናትህ አታንብብላት» የምትለዋ። የልጄን ነገር ገና ሳልውጠው ያንተ መጣብኝ። ገብስማዋ ከሞተች ወር ሆኗታል፤ እኔ ትናንት «ዘንድሮ ጫጩት እናስፈለፍልባታለን» እያልኩ ለልጄ ሳወራ ነበር። እሱም «ይሻላል» ይለኛል። እያወቀ።

ልጄ ሲመጣ ጠረጴዛው አጠገብ አገኘኝ። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ በሩ ላይ ቆመ።

«አነበብሽ?»

«አነበብኩ። ቤቴን ሽጡልኝ ያልኩት መቼ ነው?»

«አላልሽም።»

«ታዲያ በእኔ አፍ ለምን ጻፍክ?»

«እዚህ ቅሪ ብልሽ እምቢ እንደምትዪኝ ስለማውቅ ነው። እዚያ ካለቀ በኋላ እምቢ የምትዪበት ነገር አይኖርም ብዬ ነው።»

«ውሸት መሆኑ አልከበደህም?»

ቦርሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ድምፁን ሳያነሳ እንዲህ አለኝ፤ «አባቴ ሲሞት ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አክስቴ ቤት ሆኜ ስማር። 'አባትህ ደህና ነው፣ በርታ ብሎሃል' ብለሽ ጻፍሽልኝ። ስንት ጊዜ?»

ሦስት ጊዜ ነው፣ ጩጬ። እንደማያስታውስ አስብ ነበር።

«ፈተናህ እንዳይበላሽብህ ብዬ ነው» አልኩት።

«እኔ በዚያ ወር ለእሱ መልስ ጽፌለታለሁ» አለኝ። «አንደኛ ከወጣሁ ጫማ ግዛልኝ ብዬ።»

ያን ደብዳቤ ተቀብዬዋለሁ። ጫማውንም ገዝቼ ልኬለታለሁ፤ ከአባትህ ነው ብዬ። ይህን ለአንተም ነግሬህ አላውቅም።

ከዚያ እራት አሞቀ፣ በላን። ስናነሳ ሳህኑን ከእጄ ተቀበለኝ። ተናድጄ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ጠፋኝ።

አሁን አንድ ነገር ጻፍልኝ። ስንት ዶሮ አለኝ?

እህትህ


ጥር 3 ቀን

ለእትዬ፣

ሁለት ዶሮና አንድ አውራ አለሽ። አንገተ መላጣዋና ቀይዋ ክትባቱ ይዞላቸዋል፤ ከአርባ ቀን በላይ ሆኗቸዋል፣ ይበላሉ፣ ይጭራሉ። ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽን ይዤ የዶሮ ቤቱ ደጃፍ ብዙ ቆየሁ።

ገብስማዋን እንዴት እንደሆነች ልንገርሽ፤ የመስማት መብት አለሽ። ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉ ኋላ ወጣች። አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ ኩሷ አረንጓዴ ነው። እኔ ብርድ መስሎኝ ቤት አስገብቼ በጆንያ ጠቀለልኳት። ይህ ስህተቴ ነው፤ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ከሌሎቹ መለየት፣ እጄንም ጫማዬንም መታጠብ ነበረብኝ። በዚያው እጄ ለሌሎቹ ጥሬ በተንኩላቸው። ሌሎቹን ሁለት የገደልኳቸው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሐኪሙ «በነፋስም ይመጣል፣ ራስህን አትክሰስ» አለኝ፤ ይህን ሲል ጠጋ ብሎ ስለጮኸ ጎረቤት ሁሉ ሰማው።

አሁን የሚያስቀኝም የሚያስለቅሰኝም ነገር ይህ ነው። የሸጥኳቸው ሁለቱ ጥቁሮች በሕይወት አሉ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ የገዛቻቸው ዕለት ነው ያስከተበቻቸው። ልጅሽ ያን መስመር ባይጨምር ኖሮ እነሱም ጉድጓዱ ውስጥ ነበሩ። እንግዲህ ውሸቱ ጥሩ ነበር ልበል? እንዲህ ማለትም አልችልም። አስቤ አስቤ ተውኩት።

አንድ የደበቅኩሽ ነገር ቀርቷል፤ እሱንም ልጨምረውና ይውጣልኝ። ሱቁን ከዘጋሁ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ጎማ የት እንደሚተነፍስ የሚያገኘው ጆሮ ነበር፤ በውሃ ገንዳ እየፈለግኩ ትንሽ ቆየሁ። በኋላ አንድ የጭነት መኪና ከኋላዬ ወደ ኋላ ሲመጣ ጡሩምባውን አልሰማሁም፤ ለጥቂት ሳተኝ። ባለመኪናው ወርዶ ፊቴን ይዞ አለቀሰ። በማግስቱ ቁልፉን መለስኩ፤ የማድርባት ክፍል ከሱቁ ጋር ስለነበረች እሷም አብራ ሄደች። ስለዚህ አንቺ ቤት የምተኛው ዶሮ ልጠብቅ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ቤት የለኝም። ነይ ብልሽ ለራሴ፣ ቅሪ ብልሽም ለራሴ እንዳይሆን ፈርቼ ሁለቱንም አልልሽም። ቤቱን ብትሸጪ ደግሞ ቅር አይለኝም እንዳልል፣ ይለኛል።

ወንድምሽ


ጥር 16 ቀን

ጩጬ፣

ደብዳቤህን ለልጄ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት፤ ሁሉንም፤ የጭነት መኪናውንም። «ሱቁን መዝጋቱን እኔም አላወቅኩም» አለ። ከዚያ ባለሜትሩን ሰውዬ ጠርቶ ነገሩ ቀርቷል አለው። ለዘላለም ቀርቷል አላለም፤ እኔም እንዲል አልጠየቅኩትም።

ትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንት ሲዘጋ በየካቲት አብረን እንመጣለን። ቤቱን በዓይኑ ሳያይ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ አይቶ የፈለገውን ይበል። ከዚያ እኔ ልቅር ወይስ ልመለስ፣ አልተስማማንም። እሱ ከሚወደኝ ሰው ራቅ ብዬ ማርጀቴን አይፈልግም። እኔ የራሴን በር የራሴ እጅ ሳይከፍተው መዋሉን አልወድም። ሁለታችንም ልክ ነን፤ ችግሩም ይኸው ነው።

የተስማማነው አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ ክፉውንም ደጉንም እንጽፋለን፤ ለአንተም ጭምር።

አዲስ ዶሮ ግን አታምጣ፤ ቸኩለህ አውቅሃለሁ። ሰጋቱራውን በሙሉ አውጥተህ አቃጥል። ግድግዳውን በሳሙና ውሃ እጠበውና ሲደርቅ ኖራ ቀባው። በሮቹን ክፈትና ፀሐይ ይግባበት። ሁለቱና አውራው ጓሮ ባለው ጎጆ ይሰንብቱ። ስመጣ የተከተቡ ቄቦች አብረን እንመርጣለን፤ እነሱም ሦስት ሳምንት ለብቻቸው ካልቆዩ ከነባሮቹ አይቀላቀሉም።

ስለ ማደሪያህ የጻፍከውን ሁለተኛ እንዳትጽፈው። ያ ቤት እኔ ኖርኩበትም አልኖርኩበትም ያንተም ነው። ጩጬ ያልኩህ ለዚህ ነው መሰለኝ፤ ሁሉን ነገር ካልነገሩህ አታውቅም።

እህትህ


መጋቢት 14 ቀን

ለልጄ፣

እንደምን አለህ? ከሄድክ ዐሥራ ስምንት ቀን ሆነ። የመታኸው ቆርቆሮ ዝናቡን ችሎታል። አራቱ ቄቦች ለብቻቸው ናቸው፤ አጎትህ ወደነሱ ሲገባ ጫማ ይቀይራል፣ ሲወጣ ይታጠባል፣ እኔን ሳይቀር በር ላይ ያስቆመኛል። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ስለ ክትባት ይሰብካል። ሰዎቹ ሲመልሱለት አይሰማም፤ ስለዚህ ማንም አልተከራከረውም። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ከጥቁሮቹ አንዷን ልመልስልሽ አለችኝ፤ ለምዳሻለች፣ አንቺ ጋ ትሁን አልኳት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። የሆነውን ሁሉ እንጽፋለን ተባብለናል።

እሑድ ጠዋት ለዶሮዎቹ ውሃ ይዤ ስወጣ የጓሮው ደረጃ ላይ ወደቅሁ። ግራው ዓይኔ ገና ስለሆነ አንዱ ደረጃ ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ በሌለው ላይ ረገጥኩ። አጎትህ ሰጋቱራ እየዘረጋ ነበር፤ ስጠራው አልሰማኝም። እዚያው ተቀምጬ ቆየሁ። ፀሐዩ ከአጥሩ ላይ ተነስቶ ጉልበቴ ድረስ መጥቶ ነበር ሲያገኘኝ። ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። አልተሰበረም፤ ጉልበቴ አብጧል፣ በምርኩዝ ነው የምሄደው።

ማታ ላይ አጎትህ «ለልጁ ምን ብለን እንጽፋለን?» አለኝ።

«አንተ ምን ትላለህ?» ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት።

አነበበውና «እኔ እንጃ፣ እትዬ» አለ።

እኔም አላውቅም ነበር። «ደህና ነኝ» ማለት እጄ የለመደው ነገር ነው፤ ብዕሩን ሳነሳ ራሱ ሊጽፈው ይሄዳል። ደግሞ ይህን ካነበብክ በነጋታው አውቶቡስ እንደምትሳፈር አውቃለሁ። እንዳትመጣ ብዬ አልከለክልህም። መጥተህ «እንሂድ» ብትለኝ እሺ ልበልህ እምቢ ልበልህ ከአሁኑ አላውቀውም፤ አስቤ ላገኘው አልቻልኩም። ሦስት ቀን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ዞርኩት።

ዛሬ አራተኛው ቀን ነው። ጻፍኩልህ።

እናትህ